በሸክላ ሳህን ላይ ላለች ትንሽ ጓሮ ኩሬና ጅረት እንዴት እንደሚሰራ

ቤቱን፣ አጥሩን፣ ወንበሩን ማሳነስ ይቻላል፤ ውሃ ግን አያንስም። በሰፊ የሸክላ ሳህን ላይ ትንሽ ጓሮ ሰርታችሁ፣ አጠገቧ በሞተር የሚረጭ ፏፏቴ ብታቆሙ እያንዳንዷ ጠብታ በዚያች ጓሮ ዓይን የሎሚ ያህል ትሆናለች። ያኔ ውሃው ያምራል፣ ጓሮዋ ግን አሻንጉሊት ትመስላለች። ስለዚህ እውነተኛ ውሃ ከሆነ የቆመ ይሁን፤ የሚፈስ ከፈለጋችሁ ደግሞ ውሃ ባልሆነ ነገር ስሩት። የሚከተለው አሰራር በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ልኩን ያዙ። የተለመደው ልክ 1 ለ12 ነው፤ 2 ሜትር የሆነ በር 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ስሌት አፉ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ የቡና ስኒ 70 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የውሃ ጉድጓድ ይወጣዋል፤ ሐይቅ ግን አይሆንም። የስኒ ማስቀመጫው ደህና ኩሬ ይሆናል።

የስኒ ኩሬ

1. ጠርዙ የተሸረፈ ስኒ ወይም ማስቀመጫ ምረጡ። ውስጡን በጠቆረ የዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡትና በደንብ ይድረቅ። ነጭ ሆኖ ከቀረ ከላይ ሲታይ ስኒነቱ ወዲያው ይታወቃል።
2. አፈሩን ቆፍራችሁ ከስሩ ትንሽ አሸዋ ጣሉ። ጠርዙ ከአፈሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ አለዚያ ተክሉን ባጠጣችሁ ቁጥር ጭቃ ይገባበታል።
3. ጠፍጣፋ ጠጠሮችን ጠርዙን አልፈው ወደ ውሃው ትንሽ እንዲያጎነብሱ አድርጋችሁ ደርድሩ። ዙሪያውን ሙሉ እኩል አትደርድሩ፤ በአንድ በኩል ትልልቁ፣ በሌላው በኩል ደቃቁ ይሁን።

ቀለሙን ስትመርጡ ሰማያዊን ተዉት። ላንጋኖ የሄደ ሰው ውሃው ቡናማ መሆኑን ያውቃል፤ ከቢሾፍቱ ሐይቆች አንዱ ስሙም መልኩም አረንጓዴ ነው። መሃሉን ጥቁር አረንጓዴ፣ ዳር ዳሩን ወደ ቡናማ እየሳባችሁ ብትቀቡት ጥልቀት ያለው ይመስላል።

እውነተኛ ውሃ ካስቀመጣችሁ ትንኝ ይከተላል። እንቁላሉ ወደ ትንኝ ለመለወጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል፤ የምትፈልገውም ይህንኑ ያህል ትንሽ ውሃ ነው። በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በቀብሪደሃር የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ትራባለች፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ከተነሳው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ተያይዛለች። ስለዚህ በቆላ ከተማ የምትኖሩ ውሃውን በሳምንት ሁለት ጊዜ ድፉት፤ የአንዳንድ ትንኝ እንቁላል ግድግዳው ላይ ስለሚጣበቅ ስኒውንም እሹት። ይህ የማይመቻችሁ ከሆነ በቀጥታ ወደሚቀጥለው ሂዱ።

የሲሊከን ጅረት

ነጭ ኮላ ሲደርቅ ብርጭቆ ይመስላልና ብዙ ሰው በሱ ይጀምራል። ግን ይህ ተክል የሚጠጣበት ቦታ ነው፤ ኮላው ውሃ ሲነካው ተመልሶ ነጭ ይሆናል። መስኮት የሚታሸግበት ግልጽ ሲሊከን ይሻላል፤ ከግንባታ ዕቃ መደብር ይገኛል። ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸት ስለሆነ መስኮት ከፍታችሁ ስሩ።

የጅረቱን አልጋ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ ለውሳችሁ በላስቲክ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንጥፉ፤ መሃሉን በማንኪያ ጀርባ ጎድጎድ አድርጉ። ጅረት ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ሁለት ቦታ ጠምዝዙት፣ ትልልቁን ጠጠር በመጠምዘዣው ላይ ትከሉ። ሦስት ቀን እርጥብ ጨርቅ አልብሱት፤ ከዚያ ውሃ እየለወጣችሁ ዘፍዝፉት፤ ከሲሚንቶው የሚወጣው ኖራ ተክሉን ይጎዳልና። ሲደርቅ ቀቡት። ቀለሙ መግባት ያለበት እዚህ ላይ ነው፤ የደረቀ ሲሊከን ላይ የተቀባ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል።

አሁን ሲሊከኑን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር አፍስሱና ጣታችሁን የሳሙና ውሃ ውስጥ እየነከራችሁ ወደ ታች፣ ወደ ሚፈስበት አቅጣጫ ጥረጉት። ሳሙናው ሲሊከኑ ጣት ላይ እንዳይጣበቅ ይከለክለዋል። የምትተዉት ፈለግ ሞገዱ ነው። ድንጋይ ባለበት ጀርባው ላይ ቀጭን ጭረት ጨምሩ። አንድ ቀን ሙሉ አትንኩት።

ለፏፏቴው የደብተር መሸፈኛ ላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። በሚፈለገው ቁመት ጎን ለጎን የሲሊከን መስመሮች አስምሩ፤ በስቴኪኒ ከላይ ወደ ታች ደጋግማችሁ ጫሩት፤ የተፈጨ ነጭ ጠመኔ ቆንጠር አድርጋችሁ በትኑበት። በማግስቱ ከላስቲኩ ይላቀቃል። ጠርዙን በመቀስ ዝንጥልጥል አድርጋችሁ ላይኛውን ጫፍ በሲሊከን ድንጋዩ ላይ ለጥፉ። ውሃው የሚያርፍበት ቦታ ላይ አረፋ እንዲመስል ከጠመኔ ጋር የተለወሰ ሲሊከን ጠብ ጠብ አድርጉ፤ ግን ቆጠብ በሉ።

ሬዚን

ጥርት ያለ ትልቅ ኩሬ የሚሰጠው ኢፖክሲ ሬዚን፣ ሁለት ፈሳሾች ሲቀላቀሉ የሚጠነክር ሙጫ ነው፤ ዋጋውም ጣጣውም ያው ከፍ ይላል። ሁለቱን ፈሳሾች በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ለኩ፤ በግምት ከተቀላቀለ አይጠነክርም። ጓንት አድርጉ፣ ቀስ ብላችሁ ሦስት ደቂቃ ያህል አማስሉ፤ በኃይል ከመታችሁት አረፋ ይሞላዋል። ደጋ ላይ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ሬዚኑ ይዘገያል፤ ከመቀላቀላችሁ በፊት ጠርሙሶቹን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆይታችሁ ቀን ላይ ሞቅ ባለ ክፍል ስሩ።

ጎድጓዳው ሸክላ ወይም ሲሚንቶ ከሆነ ቀድማችሁ ቫርኒሽ ቀቡት፤ አለዚያ ከቀዳዳዎቹ አየር እየወጣ ኩሬው ይፈላል። በውሃ ልክ ሚዛኑን አስተካክሉ፤ ሬዚን የተዘነበለ ሳህንን አይሸሽግም። ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር እያደረጋችሁ በየንብርብሩ አፍስሱ፤ በአንዴ ካፈሰሳችሁት ይሞቅና ይሰነጠቃል። አቧራ እንዳይገባበት ክደኑት። ከደረቀ በኋላ ቀጥታ ፀሐይ ስር አታስቀምጡት፤ ቢጫ ይሆናል።

ሞተር የግድ ከሆነ

የውሃውን ድምፅ የሚወድ ሰው አይጠፋም። ለሱ የምመክረው ትንንሽ ወንበርና ቤት የሌለበትን ሳህን ነው፤ ውሃውም መቅጃ ካለው አሮጌ ጀበና ይውረድ። ጀበና በእውነተኛ መጠኑ ስለሆነ ጠብታው አይዋሽበትም። በስልክ ቻርጀር የሚሰራውን ባለ 5 ቮልት ሞተር ከታችኛው ጎድጓዳ ውስጥ አስቀምጣችሁ ቱቦውን በጀበናው ጀርባ በተበሳ ቀዳዳ አስገቡ፤ ቀዳዳውን በሲሊከን ድፈኑ። ሞተሩ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ይስጠም፤ በደረቁ ከዞረ ይቃጠላል። ገመዱ ደግሞ ከሶኬቱ በታች ወርዶ ተመልሶ ወደ ላይ ይውጣ፤ በገመዱ የሚወርድ ውሃ ካለ ሶኬቱ ዘንድ ሳይደርስ እዚያው ታች ይንጠባጠባል።