ቤቱን ለቀቁ እንጂ ከውሉ አልወጡም፦ ተዋዋይን ከኪራይና ከሽያጭ ውል ነጻ ማድረግ እንዴት ይቻላል?

ተከራይ ዕቃውን ጭኖ፣ ቁልፉን አስረክቦ ሲሄድ ሁለቱም ወገኖች ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። አላለቀም። የቀሪው ጊዜ ኪራይ፣ ያልተከፈለ የውኃ ሒሳብ፣ ኋላ የሚታይ ብልሽት፣ ማስያዣው ገንዘብ፣ ሁሉም ውሉ ውስጥ እንዳሉ ተቀምጠዋል። በቤት ንግድ ላይ ላለ ሰው ጣጣው ብቅ የሚለው ደግሞ ቤቱን ሊሸጥ ወይም ለብድር ሊያስይዝ ሲነሳ ነው። «የድሮው ውል ምን ሆነ?» ሲባል በቃል የሚሰጥ መልስ አይበቃም፤ ማን ከምን እንደተለቀቀ የሚናገር የተፈረመ የመልቀቂያ ሰነድ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ውሉን ከነአባሪዎቹ ያንብቡ። የሚፈልጉት አራት ነገር ነው፦ አስቀድሞ የመውጫ አንቀጽ፣ የማስጠንቀቂያው ጊዜ፣ መቀጫውና ማሻሻያ በጽሑፍ ብቻ ይሁን የሚል ቃል። የግዢ ውል ከሆነ «ብድር ከተፈቀደ»፣ «ቤቱ ተመርምሮ ጉድለት ካልተገኘ» የሚሉ ሁኔታዎችንና የጊዜ ገደባቸውን ይመልከቱ። ገደቡ ሳያልፍ በጽሑፍ ያሳወቀ ገዥ ብዙ ጊዜ ቀብዱን ይዞ ይወጣል፤ ድርድርም አያስፈልገውም። ቀኑ ካለፈ ግን መውጣቱ በሻጩ ፈቃድ ላይ ይወድቃል።

ቀጥሎ በውሉ የታሰረውን ሰው ሁሉ በስም ይዘርዝሩ። ፈራሚዎቹ ብቻ አይደሉም፤ ዋሱ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ተከራይ ያስገባው ሌላ ተከራይ፣ አንዳንዴም ያበደረው ባንክ አለበት። ሦስት ሰዎች በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ሆነው፣ ማለትም እያንዳንዳቸው ለሙሉው ኪራይ ሊጠየቁ ተስማምተው፣ ተከራይተው አንዱ ሊወጣ ቢል፣ የመልቀቂያ ሰነዱ የቀሩት ሁለቱ ሙሉውን ኪራይ እንደሚከፍሉ በግልጽ መናገርና የእነሱም ፊርማ ሊያርፍበት ይገባል። ይህ ካልተጻፈ በአንዳንድ አገር ሕግ አንዱን መልቀቅ ሌሎቹንም ሊያቀል ይችላል። ዋሱም ባልተስማማበት ለውጥ ምክንያት ከዋስትናው ሊወርድ ስለሚችል አብሮ ይፈርም።

ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ምርጫ ላይ ነው። ውልን በስምምነት ማፍረስ፣ ማስተላለፍና ተዋዋይን መተካት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሲፈርስ ሁለቱም ወገን ይለቀቃል። ሲተላለፍ አዲሱ ሰው ቢገባም የመጀመሪያው ሰው ከግዴታው አይወጣም፤ አዲሱ ካልከፈለ ባለመብቱ (አከራዩ ወይም ሻጩ) ተመልሶ የእሱን በር ያንኳኳል። የግዢ ውል ተፈራርመው ለሌላ ገዥ አትርፈው የሚያስተላልፉ ሰዎች ይህን የሚረዱት ከረፈደ ነው። ሌላ ሰው በቦታው አስገብቶ ነጻ መውጣት የሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው መተካት ነው፤ ለዚህም የሚወጣው፣ የሚገባውና ባለመብቱ ሦስቱም መፈረም አለባቸው። ባለመብቱ «እሺ፣ ይግባ» ማለቱ «አንተን ለቅቄሃለሁ» ማለት አይደለም።

ከዚያ ሒሳብ። የ12 ወር ውል 5 ወር ሲቀረው ተከራዩ ሊወጣ ቢፈልግ አከራዩ የአምስቱንም ወር ልጠይቅ ይላል። በብዙ አገር ሕግ ግን አከራዩ ሌላ ተከራይ ለማግኘት ተገቢውን ጥረት ማድረግ ስላለበት፣ የሁለት ወር ያህል ከፍሎ መለያየት ለሁለቱም ሊሻል ይችላል። ቤቱን ባዶ ማድረግ የፈለገው አከራዩ ከሆነም ለተከራዩ ከፍሎ ማስለቀቅ አለ። በገዛ ቤቴ ልክፈል ብሎ የሚቆጭ አለ፤ እኔ ግን ከችሎት ምልልስ ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን የመልቀቂያ ሰነዱን ይጻፉ። የቀድሞውን ውል ቀንና የቤቱን አድራሻ፣ ማን ማንን ከየትኛው ዕዳ እንደለቀቀ፣ የሚለቀቀው አንድ ወገን ብቻ ይሁን ሁለቱም፣ እስካሁን ያልታወቁ ጥያቄዎችን ይጨምር አይጨምር ያስፍሩ። የማይለቀቅ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ተከራዩ ያደረሰው ጉዳት፣ ለብቻው ይጠቀስ። ከሁሉም በላይ ይህች ዓረፍተ ነገር አትቅር፦ «ይህ ስምምነት የሚጸናው የተጠቀሰው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ በተቀባዩ ሒሳብ ውስጥ ሲገባ ነው።» ይህች ከሌለች ሰውየውን ለቀው ገንዘቡን ሊያሳድዱ ነው። ቀብዱ በሦስተኛ ሰው እጅ ከሆነ ለማን እንደሚመለስ በዚያው ሰነድ ይታዘዝለት፤ የሁለቱን ፊርማ ሳያይ አይለቅም።

ሲፈራረሙ ሥልጣን ይጣራ፦ ለድርጅት የሚፈርመው ሰው የመፈረም መብት አለው? ወኪሉ የያዘው ውክልና ውል ማፍረስን ይጨምራል? የቀድሞው ውል በንብረት መዝገብ ላይ ሰፍሮ ከነበረ መሰረዙም እዚያው ይመዝገብ፤ አለዚያ ቤቱ ላይ እንደ ዕዳ ሆኖ ይታያል። ገንዘቡ ትልቅ ከሆነ ወይም ዋስ ካለበት የሕግ ባለሙያ ያሳዩት።

በርክክቡ ቀን የቆጣሪ ንባብ ይመዝግቡ፣ ክፍሎቹን ፎቶ ያንሱ፣ ቁልፍ ለመቀበልዎ ይፈርሙ። የድሮውን ውል ቀደው አይጣሉ፤ ሌላው ቅጂ በሰውየው እጅ አለ። መልቀቂያውን ከላዩ አያይዘው ያስቀምጡት።