መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ኔትወርክ፦ የስማርት ቆጣሪ ዕቅድን የሚያበላሹ ስህተቶች

አንድ ምሽት ዶፍ ዝናብ ሲወርድ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ስልኩ አያባራም። «መብራት ጠፋ»፣ «ትራንስፎርመር ፈነዳ»፣ «እዚህ ሰፈር ድቅድቅ ጨለማ ነው»። ቀና ብዬ ትልቁን ስክሪን አየሁ። ንባቡን በሬዲዮ የሚልከው ስማርት ቆጣሪ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ሰፈሩ ጨልሟል፣ ካርታው ግን ሁሉ ሰላም ነው ይላል።

ነገሩ ቆይቶ ገባን። መብራቱ ሲሄድ የሰፈሩ የሬዲዮ መቀበያም አብሮ ሄዷል። ስክሪኑ የሚያሳየን ከመጥፋቱ በፊት የመጣውን የመጨረሻ ንባብ ነበር። ወሬ ሲቋረጥበት ደህና ናቸው ብሎ አስቦ ቁጭ።

ከዚያ ወዲህ የስማርት ግሪድ (የኃይል መስመሩና ቆጣሪዎቹ መረጃ የሚለዋወጡበት ሥርዓት) ገመድ አልባ ኔትወርክ ዕቅድ ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ፍጥነቱ አይደለም። መብራት የጠፋ ቀን ምን ይሆናል? እላለሁ። ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ካለመጠየቅ የመጡ ናቸው።

ባትሪን እንደ ትርፍ ወጪ ማየት

በጀት ሲያጥር ከዝርዝሩ ቀድሞ የሚሰረዘው ባትሪ ነው። አንቴናው ይቀራል፣ ሶፍትዌሩ ይቀራል፣ ባትሪው «ለሁለተኛው ዙር» ይባላል። ሁለተኛው ዙር መቼ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ።

በሞባይል ኔትወርክ እንጠቀማለን የሚሉም ከዚህ አያመልጡም። የአንቴና ማማው ባትሪ ስንት ሰዓት ይይዛል? ጄኔሬተር አለው? ናፍጣውን ማን ይሞላል? ይህ በወሬ ሳይሆን በውል መያዝ አለበት። ጀርመኖች ነገሩን ከሥሩ ነው የያዙት። በ2021 እ.ኤ.አ. የ450 ሜጋ ኸርዝ ፈቃድ 450ኮኔክት ለሚባል፣ የኃይልና የውሃ ድርጅቶች ባለቤት ለሆኑበት ኩባንያ ሰጡ። ኔትወርኩ የታቀደው መብራት ቢጠፋም ለ72 ሰዓት እንዲቆይ ነው። ዝቅ ያለ ፍሪኩዌንሲ ደግሞ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም የተሻለ ያልፋል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ጣቢያ ያነሰ ነው። ባትሪ የሚፈልገውም ቦታ እንደዚያው።

የቆጣሪውን ስንብት አለማስላት

ብዙ ስማርት ቆጣሪዎች ኃይል ሲቋረጥባቸው ካፓሲተር (ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚያቆይ ዕቃ) ውስጥ በቀረች ትንሽ ጉልበት አንዲት መልእክት ይልካሉ። «ጠፋሁ» ብለው ይሰናበታሉ። ግሩም ሐሳብ ነው። ግን እስቲ ሒሳቡን እንሥራ።

አንድ ቆጣሪ በየ15 ደቂቃው ቢያነብ በቀን 96 መልእክት ይልካል። 10,000 ቆጣሪ ሲሆን 960,000 ማለት ነው። በሰከንድ ሲካፈል 11 ገደማ። ዕቅድ አውጪው 11ን አይቶ ዘና ይላል። ዋናው መስመር የተበጠሰ ጊዜ ግን 10,000ውም በአንድ ትንፋሽ ነው የሚናገሩት። ለቅሶ ቤት ሁሉም እኩል ሲጮህ ማን ምን እንዳለ አይለይም፤ እዚህም መልእክቶቹ እርስ በርስ ተጋጭተው ይቀራሉ።

ቆጣሪዎቹ እየተቀባበሉ በሚልኩበት የሜሽ ኔትወርክ ደግሞ ይብሳል። የእርስዎ ቆጣሪ መልእክቱን የሚሰጠው ለጎረቤት ቆጣሪ ነው። ጎረቤትም ጨለማ ውስጥ ነው። መንገዱ ራሱ ሞቷል።

መውጫው አስቸጋሪ አይደለም። እያንዳንዱ ቆጣሪ በዘፈቀደ ትንሽ ጠብቆ ይላክ። ሁሉንም ለመስማትም አይሞከር፤ ከአንድ ትራንስፎርመር ሥር ካሉት ጥቂቶቹ ከተሰሙ ትራንስፎርመሩ መጥፋቱ ይታወቃል። ምሰሶ ላይ ያለው የመልእክት ማሰባሰቢያ የራሱ ባትሪ ይኑረው። ስክሪኑ ላይም «አለ» እና «ጠፋ» ብቻ አይበቃም። «ወሬው አልደረሰኝም» የሚል ሦስተኛ ቀለም ያስፈልጋል። እኛን ያዋረደን የዚህ ቀለም አለመኖር ነው።

የሽፋን ካርታን ማመን

ካርታው አካባቢውን በሙሉ ቀለም ቀብቶታል። ጥሩ። ነገር ግን ካርታው ለስልክ የተሠራ ነው። ሰው ሲግናል ሲደክምበት ወደ መስኮት ጠጋ ይላል። ቆጣሪ ወዴት ይሄዳል?

አንድ ኮንዶሚኒየም ሄደን ለካን። ቆጣሪዎቹ ደረጃ ሥር፣ የብረት ሳጥን ውስጥ ተደርድረዋል። በሩን ከፍተን ስናይ ሲግናሉ −97 ዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ ነው፤ ከዜሮ በታች በራቀ ቁጥር ሲግናሉ ደክሟል)። ዘግተን ስናይ −112። የ15 ዲሲቤል ልዩነት ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን የሚደርሰው ኃይል ከ30 እጥፍ በላይ ወርዷል ማለት ነው። ዘበኛው አይቶን «ታዲያ በሩን ክፍት ልተወው?» አለ። ሌባ ባይኖር ጥሩ መፍትሔ ነበር። እኛ አንቴናውን ከሳጥኑ ውጭ በኬብል አወጣን።

ከጣቢያ ጣቢያ ለሚደረግ ረጅም ግንኙነትም «አንቴናዎቹ ይተያያሉ» ማለት አይበቃም። ማዕበሉ እንደ ክር ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ መሀል ላይ ይወፍራል። በ5.8 ጊጋ ኸርዝ 10 ኪሎ ሜትር ላይ መሀሉ 11 ሜትር ገደማ ራዲየስ አለው። ከዚህ ቢያንስ 60 በመቶው ባዶ መሆን አለበት፣ ማለትም ወደ 7 ሜትር። ዛሬ ባዶ ነው፣ ይሁን። ከሥሩ የተተከለው የባሕር ዛፍ ችግኝ ግን ከአምስት ዓመት በኋላ የት ይደርሳል? ያኔ ሁሉም ዝናቡን ይወቅሳል። ዝናብ በደንብ የሚጎዳው ከ10 ጊጋ ኸርዝ በላይ ያለውን ነው። እዚህ ጥፋተኛው ዛፉ ነው።

የሌላ አገር ዕቃ ማዘዝ

ይህን ባጭሩ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የቆጣሪ ሬዲዮ የሚሠራው ከ902 እስከ 928 ሜጋ ኸርዝ ባለው ነፃ ክልል ነው። ዋጋው ደህና ነው፣ ካታሎጉም ያምራል። ኢትዮጵያ ግን ያለችው በሌላ የፍሪኩዌንሲ ቀጠና ነው፤ እዚህ ከ880 እስከ 915 እና ከ925 እስከ 960 ያለው የሞባይል ነው። ያንን ዕቃ ማብራት የሰው ስልክ ላይ መጮህ ነው። ከማዘዝ በፊት የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን መጠየቅ ይቀድማል። «ነፃ» የተባለውም ቢሆን ደንብ አለው። አውሮፓ ውስጥ 868 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ባለው በብዙ የሚሠራበት ክልል አንድ መሣሪያ አየሩን መያዝ የሚችለው ከጊዜው 1 በመቶ ነው። በሰዓት 36 ሰከንድ።

ቆጣሪውንና ሲም ካርዱን እኩል ዕድሜ መስጠት

ቆጣሪ ግድግዳ ላይ 15 ዓመት ይቀመጣል። የሞባይል ትውልድ ግን አይጠብቀውም። የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ 3ጂን በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ዘጋ። እንግሊዝ ውስጥ በመሀልና በደቡብ ያሉ ስማርት ቆጣሪዎች በ2ጂ እና 3ጂ ነበር የታሰቡት፤ አሁን የመገናኛ ክፍላቸውን በ4ጂ መቀየር ግድ ሆኗል። ስለዚህ የሬዲዮው ክፍል ቆጣሪው ሳይነካ የሚነቀል ይሁን። ሲም ለመቀየር ሚሊዮን በር ማንኳኳት የሰው ኃይል ይበላል።

ሁሉን በአንድ መንገድ መላክ

የቆጣሪ ንባብ አንድ ሰዓት ቢዘገይ ማንም አይሞትም። ብሬከር ክፈት፣ ማለትም መስመሩን ቁረጥ፣ የሚል ትእዛዝ ግን በሚሊሰከንድ ነው የሚቆጠረው። ሁለቱን በአንድ ሬዲዮ ላይ መጫን ወይ ገንዘብ ማባከን ነው ወይ አደጋ መጥራት። ለፈጣኑ ፋይበር ይሻላል። ከፍተኛ የኃይል መስመር አናት ላይ በሚሄደው የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ሆድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ፋይበር አለ። ገመድ አልባው ለታችኛው ሰፈር ይቅር።

አንድ ቁልፍ ለሁሉም ቆጣሪ

ከርቀት የሚቆርጥ ቆጣሪ ካለ፣ የምስጠራ ቁልፉ የመብራቱ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ለሁሉም አንድ ቁልፍ ከተሰጠ፣ አንዱን ቆጣሪ ፈትቶ ያየ ሰው ሰፈሩን በሙሉ ያዘ ማለት ነው። በዩክሬን ታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. ጠላፊዎች ሦስት አከፋፋይ ድርጅቶች ውስጥ ገብተው ወደ 225,000 ደንበኞች መብራት አጥፍተዋል። የጥሪ ማዕከሉን ስልክ አጨናንቀዋል፣ የመገናኛ ዕቃዎችንም ከጥቅም ውጭ አድርገዋል። ሠራተኞች ጣቢያ ለጣቢያ እየዞሩ በእጅ ነው የመለሱት። ይህም ሌላ ነገር ያስታውሳል፦ በእጅ የሚሠራውን መንገድ አትንቀሉት።

መብራት ሳያጠፉ መፈተን

የኛ የሙከራ ሥራ 200 ቤት ላይ ነበር። ንባቡ እንከን አልነበረውም። አንዱ ጓደኛችን «እስቲ ሰፈሩን ለግማሽ ሰዓት አጥፍተን እንየው» አለ። ኃላፊው ከት ብሎ ሳቀ። «ሰው ይጮህብናል» ብሎ ሙከራው አልፏል የሚለው ወረቀት ላይ ፈረመ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ዝናቡ ማንንም ሳያስፈቅድ ፈተነልን። መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁ ምሽት ያ ነው።