አሮጌ ቶርኖ ስትገዙና ስታድሱ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

አሮጌ ቶርኖ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ስራ ላይ እያለ አይደለም፣ ሲገዛ ሲጓጓዝና "ሲታደስ" ነው። 60 እና 70 አመት የሰራ ማሽን አንድ ቅዳሜ ላይ በመዶሻና በግራይንደር ሲጠፋ ማየት ያማል። እኔም አንዱን ስህተት በገዛ እጄ ሰርቼዋለሁ፣ ከታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ፣ ቀለም አይታችሁ ቶርኖ (ብረት እየዞረ የሚላጥበት ማሽን) አትግዙ። አዲስ ቀለም የተቀባ ቶርኖ ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ቀለሙ የለቀቀም ሞቷል ማለት አይደለም። መታየት ያለበት አልጋው (ቤዱ፣ ሌላው ሁሉ የሚቀመጥበት ረጅሙ ብረት) ነው፣ እሱም ቻኩ (ስራውን ነክሶ የሚያዞረው) አጠገብ ያለው ክፍል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ስራ እዛች ትንሽ ቦታ ላይ ስለሚሰራ መጀመሪያ የሚበላውም እዛው ነው። ካሬጁን (ቢላውን ተሸክሞ አልጋው ላይ የሚሄደውን) ቻኩ አጠገብ አምጡትና ሎኩን በትንሹ አጥብቁት፣ ከበድ እያለ ግን እንዲሄድ ማለቴ ነው፣ ከዛ እያዞራችሁ ወደ ቴልስቶኩ (ከቻኩ ፊት ለፊት ያለው ደጋፊ) ጫፍ ውሰዱት። እየሄደ እየሄደ ጥርቅም ብሎ ከያዘ አልጋው ቻኩ ጋር ተበልቷል። ትንሽ መበላት ችግር የለውም፣ አጫጭር ስራ በደንብ ይወጣል፣ ብዙ ከሆነ ግን አልጋውን ማስፈጨት ከማሽኑ ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል ባትገዙት ይሻላል። ስፒንድሉንም (ቻኩን የሚያዞረውን ዘንግ) በእንጨት ወደ ላይ ቀና እያደረጋችሁ በዳያል ኢንዲኬተር (ትንሽ እንቅስቃሴ በሚያሳይ መለኪያ) ለኩት፣ የነሐስ ኩሽኔታ ያለው ከሆነ ለዘይት የሚሆን ክፍተት ስለሚያስፈልገው ጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ቢንቀሳቀስ አትደንግጡ።

"የጎደለውን በኋላ እፈልጋለሁ" የሚለው ደግሞ ሌላው ነው። የብሎን ጥርስ መቁረጫ ማርሾቹ (ቼንጅ ጊሮቹ)፣ ቴልስቶኩ፣ ስቴዲ ረስቱ (ረጅም ዘንግ መሃሉ ላይ የሚደግፈው) አብረው መኖራቸውን እዛው ቆጥሩ። ሊድስክሩው (ጥርስ ሲቆረጥ ካሬጁን የሚነዳው ረጅም ብሎን) በኢንች የሆነ ማሽን ላይ ትክክለኛ የሚሊሜትር የብሎን ጥርስ ለማውጣት ባለ 127 ጥርስ ማርሽ ነው የሚፈለገው፣ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ስለሆነ በ5 ሲባዛ 127 ይመጣል፣ ይቺ ማርሽ ካለች ትልቅ ነገር ነው። ሞተሩም ላይ ያለውን ጽሁፍ አንብቡ። 220/380 የሚል ባለ ሶስት ፌዝ ሞተር በዴልታ (ለ220 በሚሆነው አገናኝ) ታስሮ በኢንቨርተር (ቪኤፍዲ፣ የቤቱን አንድ ፌዝ ወደ ሶስት የሚቀይር) ከቤት መብራት ይነሳል፣ 380 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ተራው የ220 ኢንቨርተር አይበቃውም።

ስትጭኑት ገመዱን በሊድስክሩው ወይ በስፒንድሉ ላይ አታስሩ፣ ሊድስክሩው ከተጣመመ አለቀ። ክብደቱ ያለው ሄድስቶኩ (ስፒንድሉን የያዘው ራስ) በኩልና ከላይ ስለሆነ ቶሎ ይገለበጣል፣ ካሬጁንና ቴልስቶኩን ወደ ሌላኛው ጫፍ ስባችሁ አስሩና አንሱት።

አሁን የኔ ስህተት። ቻኩ በጥርስ የሚገባ ነበር፣ ለአመታት ሳይፈታ ስለቆየ አልፈታ አለኝ። ስፒንድሉ እንዳይዞር ብዬ ባክ ጊሩን (ፍጥነት የሚቀንሰውን ማርሽ) ከነ ፒኑ አስገብቼ ቆለፍኩትና ቻኩን በረጅም ብረት መታሁት፣ ቻኩ ሳይፈታ የማርሹ ሁለት ጥርሶች ተሰበሩ። ማርሹ ጊዛ (ካስት አይረን) ነው፣ ጊዛ ምት አይወድም። ማድረግ የነበረብኝ ዘልቆ የሚገባ ዘይት ማጠጣት፣ አንድ ሁለት ቀን መተው፣ ቻኩን በሞቀ አየር ማሞቅ፣ ከዛ ስፒንድሉን በቺንጋው ብቻ ይዤ በቀስታ መሞከር ነበር። ባክ ጊርን እንደ ቁልፍ የሚጠቀም ሰው ካያችሁ አስቁሙልኝ።

ስትፈቱ ፎቶ አንሱ፣ ከምታስቡት በላይ አንሱ። ኩሽኔታ ስር ወይ ሄድስቶክ ስር ያሉትን ስስ ሺሞች (ልክ ማስተካከያ ቆርቆሮዎች) "ቆሻሻ ነው" ብላችሁ እንዳትጥሉ፣ የትኛው ከየት እንደወጣ ጽፋችሁ በላስቲክ አስቀምጡ። አልወጣ ያለ ፒን ካለ ቴፐር (አንዱ ጫፉ የቀጠነ) ሊሆን ይችላል፣ የሚመታው ከቀጭኑ ጫፍ ብቻ ነው፣ ከወፍራሙ በኩል ከመታችሁት ጭራሽ ይጠብቃል። ብዙ አሮጌ ሳውዝ ቤንድ (የአሜሪካ ቶርኖ) ላይ ደግሞ ዘይቱን ወደ ስፒንድሉ የሚያወጣው ፌልት (ዘይት የሚመጥ የሱፍ ጨርቅ) ነው፣ ደርቆ ወይ ቆሽሾ ከሆነ ከላይ ስታጠጡ ብትውሉ ስፒንድሉ ደረቁን ነው የሚዞረው፣ ስለዚህ ፌልቱን ቀይሩት።

ዝገት ላይ ሰው ይቸኩላል። አልጋው ላይ ግራይንደርም፣ የሽቦ ብሩሽ ድሪልም፣ ብርጭቆ ወረቀትም አታስጠጉ፣ በአይን የማይታይ ልኬት ነው የምታጠፉት፣ የወረቀቱም ብናኝ መንሸራተቻው ውስጥ ቀርቶ እየፈጨው ይኖራል። በነጭ ጋዝ አርሱት፣ ምላጭ አስተኝታችሁ ፋቁት፣ ከዛ በጣም ስስ የብረት ሱፍ ይበቃል። ትንንሽ እቃዎችን በማጠቢያ ሶዳና በባትሪ ቻርጀር ኤሌክትሮሊሲስ ማድረግ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ደጅ ይሁን ሃይድሮጅን ይወጣል፣ አኖዱም (ፖዘቲቩ ላይ የሚታሰረው ብረት) ስቴንለስ እንዳይሆን፣ መርዛማ ክሮሚየም ውሃው ውስጥ ይገባል። እንደ አትላስ (ሌላ የአሜሪካ ቶርኖ) ያሉ ማሽኖች ብዙው ማርሻቸው ዛማክ (የዚንክ ቅይጥ) ነው፣ አሲድም ሶዳም ይበላዋል፣ በነጭ ጋዝ ብቻ እጠቡት። አሮጌ ቀለምም ሊድ (መርዛማ እርሳስ) ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍጉ።

የዘይት ቀዳዳ ውስጥ ግሪስ አትክተቱ! ግሪሱ ይደርቅና መንገዱን ይዘጋል፣ ከዛ በኋላ ዘይት ብታፈሱም አይደርስም። ለአልጋው አይኤስኦ 68 የዌይ (የመንሸራተቻ) ዘይት፣ ለስፒንድሉ ማንዋሉ የሚለውን ቀጭን ዘይት።

መጨረሻ ላይ የሚረሳው፣ መሬት ላይ አስቀምጦ ወዲያው መቁረጥ ነው። ወለሉ ወይ ጠረጴዛው አልጋውን ትንሽ ከጠመዘዘው ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ ስራው ግን ሾጠጥ ብሎ ይወጣል፣ ሰውም ኩሽኔታው ነው ብሎ መቀየር ይጀምራል። መጀመሪያ በጥሩ ውሃ ልክ አስተካክሉት፣ ከዛ ወፍራም ዘንግ ቻኩ ላይ ብቻ አስሩ፣ ቴልስቶክ ሳትጠቀሙ፣ 10 ወይ 15 ሳንቲሜትር የተራራቁ ሁለት ቀለበቶች ተዉለትና ሁለቱንም ቢላውን ሳትነኩ በአንድ ስስ ቁርጥ ላጧቸው። በማይክሮሜትር ለኩ። ጫፍ ላይ ያለው ቀለበት ከወፈረ ቴልስቶክ በኩል ካሉት እግሮች እናንተ የምትቆሙበትን የፊተኛውን በስስ ሺም ከፍ አድርጉት፣ ከቀጠነ የኋለኛውን። ቁረጡ፣ ለኩ፣ ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ። ጠረጴዛው የእንጨት ከሆነ ከሳምንት በኋላ ድጋሚ ለኩት፣ እንጨት ይንቀሳቀሳል።