በመሃል አዲስ አበባ ለሚመጣው ሙቀት ጥድና ዝግባ አተካከል

ግቢ ውስጥ ያረጀ ጥድ አምሮ ስለቆመ ዛሬ የሚተከለው ችግኝም ይጸድቃል ማለት አይደለም። ትልቁ ዛፍ ሥሩን ጠልቆ ስለሰደደ ድርቁን ይችለዋል። የአየር ንብረት ለውጥ ቀድሞ የሚጥለው ችግኙን ነው።

መጀመሪያ የግቢያችሁን ከፍታ በስልክ እዩ። በየ100 ሜትሩ ሽቅብ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ አየሩ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ ለዛፉ የሚስማማው ቦታ 160 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል። ፒያሳን 2,400 ሜትር ብንል፣ በ2 ዲግሪ ጭማሪ የዛሬውን የአቃቂ ሙቀት ይይዛል። የሐበሻ ጥድ ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ስለሚበቅል ይህን ይችላል። ዝግባም ዋና ቦታው ከ2,500 ሜትር በታች ስለሆነ ሙቀቱ ብቻውን አይከፋበትም። ሁለቱንም የሚገድላቸው የበጋው ድርቀት ነው፤ አየሩ በሞቀ ቁጥር አፈሩ ቶሎ ይደርቃል።

ስለዚህ የጥድ ዘር ከእንጦጦ ጫፍ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ሞቃትና ደረቅ ከሆነ ደን ቢለቀም ይሻላል። ወንዴውና ሴቴው አብዛኛውን ጊዜ የተለያየ ዛፍ ናቸው፤ ከተማ ውስጥ ብቻዋን የቆመች ሴቴ ፍሬ ብታፈራም ዘሯ ባዶ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ ከ10 እናት ዛፎች ጠቆር ያለ ሰማያዊ ፍሬ ልቀሙ፣ ውሃ ውስጥ አሽታችሁ የተንሳፈፈውን ዘር ድፉ። ፍሬ ስትለቅሙ ደግሞ ዛፉን ከፈረንጅ ጥድ ለዩት፦ የፈረንጁ ፍሬ እንደ እንጨት የጠነከረ ሲሆን የሐበሻው ለስላሳ ነው።

ጉድጓዱን ግንቦት ላይ 50 ሴንቲ ሜትር በ50፣ ጥልቀቱንም 50 አድርጋችሁ ቆፍሩ። ውሃ ሙሉበት፤ በማግስቱም ካልሰረገ አፈሩን 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ጉብታው ላይ ትከሉ፣ አለዚያ ሥሩ ይበሰብሳል። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ስትተክሉ የችግኙን ፕላስቲክ ሙሉ በሙሉ አውጡ፣ ከታች የተጠቀለለውን ሥርም ቁረጡ። ይህን መዝለል ችግኙ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ያለምክንያት የደረቀ እንዲመስል ያደርጋል።

ጥድ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ዝግባ ግን በልጅነቱ ጥላ ይወዳል። ሁለቱንም ከቆርቆሮ አጥርና ከአስፋልት ቢያንስ 3 ሜትር አርቁ፣ የከሰዓቱ ነጸብራቅ ቅጠላቸውን ያቃጥላል። ከጥቅምት ጀምሮ ክረምቱ እስኪገባ በሳምንት 10 ሊትር ቀስ አድርጋችሁ አጠጡ፣ ሁለቱን የመጀመሪያ በጋዎች ሳታቋርጡ። ደረቅ ሣር 8 ሴንቲ ሜትር ጎዝጉዙ፤ ግንዱን ግን አያስነኩት።