በመርከብ ዲዛይን ምርምር ጀማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመርከብ ምርምር ውድ ሥራ ነው። ትልቅ መርከብ ሠርቶ፣ ባሕር ላይ አውጥቶ «እስቲ እንያት» ማለት አይቻልም። ስለዚህ አብዛኛው ነገር የሚያልቀው በትንሽ ሞዴልና በኮምፒውተር ስሌት ነው። ስህተትም ሾልኮ የሚገባው እዚሁ ጋ ነው፦ ቁጥሩ ይያዛል፣ ቁጥሩ የተገኘበት ሁኔታ ግን ይረሳል። ወደ ዘርፉ ለምትገቡ ተማሪዎች ዋና ዋናዎቹን ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሞዴሉን ውጤት እንዳለ ማባዛት

ይሄኛው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልሂድበት።

እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ቶርኪ ውስጥ የሞዴል መጎተቻ ገንዳ ሲገነባ አንድ ነገር በደንብ ገብቶት ነበር። መርከብን ወደ ኋላ የሚይዛት ኃይል (ተቃውሞ ይባላል) ሁለት ምንጭ አለው። አንዱ መርከቧ ማዕበል ስታስነሳ የምታባክነው ጉልበት ነው። ሌላው ውሃው ከአካሏ ጋር የሚያደርገው ፍትጊያ ነው። መርከቧን ስታሳንሷት ሁለቱ በአንድ ሕግ አያንሱም።

በቁጥር እንየው። 150 ሜትር ርዝመት ያላት፣ በ20 ኖት (የመርከብ ፍጥነት መለኪያ ነው) የምትሄድ መርከብ አለች እንበል። ሞዴሏ በ25 እጥፍ ያነሰ ነው፤ 6 ሜትር። ማዕበሉ እንዲመሳሰል ፍጥነቱ ለ25 ስኩዌር ሩት ይካፈላል፤ ማለትም ለ5። ሞዴሉ በ4 ኖት ይጎተታል፤ ይሄ ቀላል ነው። ፍትጊያው እንዲመሳሰል ግን ሞዴሉ ከመርከቧ 25 እጥፍ መፍጠን አለበት። 500 ኖት! የማይሆን ነገር ነው።

መፍትሔው የፍሩድ ነው። የሞዴሉ ፍትጊያ ለብቻው ተሰልቶ ከተለካው ኃይል ላይ ይቀነሳል። የቀረው ወደ መርከቧ መጠን ያድጋል፤ በዚህ ምሳሌ 15,625 እጥፍ፣ የጨው ውሃው ክብደትም ታስቦበት። ከዚያ የራሷ የመርከቧ ፍትጊያ ይደመርበታል። ይህን ትቶ ጠቅላላውን ያባዛ ሰው ተቃውሞውን ከእውነቱ አጋኖ ያገኛል፤ የሚመርጠው ሞተርም ያለ አግባብ ትልቅ ይሆናል።

ሁለት ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮችም አሉ። ሞዴሉ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ፊቱ ላይ ያለው ውሃ ሳይታወክ፣ ተደርድሮ ሊፈስ ይችላል። በትልቋ መርከብ ላይ ይህ አይሆንም። ለዚህ ነው ውሃውን እንዲያውከው ሞዴሉ አፍንጫ አካባቢ ቀጭን ሽቦ ወይም የትንንሽ ጉጦች ረድፍ የሚደረገው። ከተረሳ ተቃውሞው ከሚገባው በታች ይመጣል። ሁለተኛው የገንዳው ሙቀት ነው። ከ15 ወደ 20 ዲግሪ ሲወጣ የውሃው ዝልግልግነት በ12 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቴርሞሜትር ሳይነበብ የተመዘገበ ሙከራ ዋጋ የለውም ባይ ነኝ።

የሲኤፍዲ ሥዕል አይቶ ማመን

ሲኤፍዲ የምንለው የውሃን ፍሰት በኮምፒውተር ማስላት ነው። ፍሩድ በስሌቱ ብቻ አልረካም። በ1871 ግሬይሃውንድ የተባለችውን እውነተኛ የባሕር ኃይል መርከብ አስጎትቶ ከሞዴሉ ጋር አነጻጸረ። ዛሬ ሶፍትዌሩ ቀይና ሰማያዊ የሆነ ውብ ሥዕል ስለሚያወጣ ብቻ ብዙዎች ማነጻጸሩን ይዘሉታል። መጀመሪያ የሙከራ ውጤቷ ለሁሉም ክፍት የሆነን መርከብ፣ ለምሳሌ ኬሲኤስ የምትባለውን የኮሪያ ኮንቴይነር መርከብ ቅርጽ አስሉ። ሜሹንም (ስሌቱ ውሃውን የሚከፋፍልበትን መረብ) ቢያንስ በሦስት መጠን ቀይሩት። ሜሹ በደቀቀ ቁጥር መልሱ የሚዋዥቅ ከሆነ ገና መልስ አላገኛችሁም።

መርከቧ ቀጥ ብላ ስትቆም ያለውን ሚዛን ብቻ ማየት

ጂኤም የምንለው የመነሻ ሚዛን መለኪያ ቁጥር የሚናገረው መርከቧ በጥቂት ዲግሪ ስታዘነብል ስለሚሆነው ብቻ ነው። ስለ ትልቅ ማዘንበል አይነግረንም። ይህን የብዙ ሰው ሕይወት አስተምሮናል።

የእንግሊዝ የጦር መርከብ ካፕቴን ከባድ መድፎችና ሙሉ ሸራ የተሸከመች፣ ጎኗ ግን ዝቅ ያለ ነበረች። በዕቅዱ ጎኗ ከውሃው 8 ጫማ ከፍ ማለት ነበረበት። ተሠርታ ስታልቅ ክብደቷ ስለጨመረ ስድስት ጫማ ተኩል ላይ ቀረ። መስከረም 1870 ስፔን አጠገብ ማታ በማዕበል ተገለበጠች፤ ወደ 480 የሚጠጋ ሰው አለቀ። ንድፏን ያመነጨው ኩፐር ኮልስም አብሮ ሞተ። ሞናርክ የተባለችው መርከብ ግን ያንኑ ማዕበል ተቋቁማ አደረች።

ልዩነቱ የታየው የሚዛን ከርቩ ላይ ነው፤ ይህ በየማዘንበሉ ዲግሪ መርከቧን የሚመልሳትን ኃይል የሚያሳይ መስመር ነው። ካፕቴንን ወደ ቦታዋ የሚመልሳት ኃይል ጫፍ የሚደርሰው በ21 ዲግሪ አካባቢ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቁልቁል ነው። የሞናርክ እስከ 40 ዲግሪ ገደማ ያድግ ነበር። ጎኗ ዝቅ ያለ መርከብ ጠርዟ ቶሎ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ኃይሏም እዚያው ላይ ይዳከማል። እባካችሁ ጥናታችሁ ውስጥ ሙሉውን ከርቭ አስገቡ። ክብደቱንም ከዕቅዱ ላይ ገልብጣችሁ ሳይሆን ሥራው በገፋ ቁጥር እያደሳችሁ።

ማዕበል የሚጎዳው ከጎን ሲመጣ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ

ጥቅምት 1998 ኤፒኤል ቻይና የተባለች ኮንቴይነር መርከብ ሰሜን ፓስፊክ ላይ ማዕበል ፊት ለፊት መጣባት። ግራና ቀኝ ክፉኛ ተናወጠች፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኮንቴይነሮች ባሕር ገቡ። የማዕበሉ ጫፍና ሸለቆ በመርከቧ ሥር ሲፈራረቁ ሚዛኗም አብሮ ይጠነክራል፣ ይላላል። ይህ ፍርርቅ ከመርከቧ የመወዛወዣ ጊዜ ግማሽ ጋር ሲገጥም ውዝወዛው በራሱ እያደገ ይሄዳል። ስለዚህ የፊት ማዕበልን ከሙከራ ዝርዝር ማውጣት አያዋጣም።

ለአንድ ፍጥነት ብቻ መንደፍ

ከ2008 በኋላ ብዙ ኮንቴይነር መርከቦች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ ፍጥነት ቀነሱ። ለከፍተኛ ፍጥነት የተቀረጸው ውሃ ውስጥ ያለው እብጥ አፍንጫቸው ያኔ ሸክም ሆነ። አንዳንዶቹ አስቆርጠው ሌላ አስገጠሙ።

ጣናን በባሕር ቁጥር ማስላት

ይህን በተለይ አገር ቤት ለምትሠሩ ነው የምለው። የመማሪያ መጻሕፍት ቀመሮችና የሞተር ካታሎጎች አብዛኛውን ጊዜ የባሕር ወለልን ታሳቢ ያደርጋሉ። የጨው ውሃ አንድ ሜትር ኩብ ወደ 1,025 ኪሎ ይመዝናል፤ የጣና ውሃ ግን ወደ 1,000። ስለዚህ ያው ጀልባ ጣና ላይ ትንሽ ጠለቅ ይላል። ሐይቁ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የናፍጣ ሞተር ካታሎጉ ላይ የተጻፈውን ጉልበት እዚያ አይሰጥም። ፕሮፔለሩም ላይ ካቪቴሽን ቶሎ ይጀምራል፤ ግፊቱ ዝቅ ስላለ ምላጩ ዙሪያ ያለው ውሃ በቀላሉ አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋው ሲፈነዳ ብረቱን ይበላዋል። ለጣና ጀልባ ስትነድፉ የውሃውን ሙቀትና የአየሩን ግፊት እዚያው ሐይቁ ላይ ለክታችሁ ጀምሩ፤ ሞተሩንና ፕሮፔለሩን ከዚያ በኋላ ምረጡ።