ዞር ስል ለምን ተመታሁ? የኦፖርቹኒቲ አታክ ችግርና መፍትሄ

ቅዳሜ ማታ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን በዳይስ የሚካሄድ የምናብ ጀብዱ ጨዋታ እንጫወታለን። ካርቶን ገልብጠን በእርሳስ ካሬ አስምረንበታል። ጭራቆቹ የለስላሳ ቆርኪ ናቸው፤ የኛዎቹ የሸሚዝ ቁልፍ። ጨዋታው ቆሞ ጭቅጭቅ የሚነሳው ብዙ ጊዜ በአንድ ሕግ ነው፦ ኦፖርቹኒቲ አታክ፤ ማለትም ከአጠገቡ ስትሸሹ ጠላት ተራው ሳይደርስ የሚሰነዝርባችሁ ምት። እኛ የምንከተለው በፈረንጆች 2014 የወጣውን አምስተኛውን እትም ነው።

ችግር፦ ጠላት አጠገብ ሆኜ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር እመታለሁ።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የድሮው ሕግ ነው። በ2003ቱ 3.5 እትም ከጠላት አጠገብ ካለ ካሬ ወጥቶ ሌላ አጠገቡ ያለ ካሬ መግባትም ያስመታ ነበር። ያንን የለመደ ሰው አዲሱንም እንደዚያው ያነበዋል። አምስተኛው እትም ግን የሚያየው አንድ ነገር ነው፦ ከጠላት ክንድ ርቀት ወጣችሁ ወይ? ርቀቱ በተለምዶ 5 ጫማ፣ ማለትም ዙሪያውን አንድ ካሬ ነው።

መፍትሄ፦ «ተንቀሳቀሰ ወይ?» ማለት ትታችሁ «ከእጁ ወጣ ወይ?» በሉ። ባለፈው አንዱ ጓደኛችን ቁልፉን ከኦርኩ (ከጭራቁ) ፊት አንስቶ፣ በጎኑ አዙሮ፣ ከጀርባው አስቀመጠው። አራት ካሬ ሄደ። ጌም ማስተሩ (ጨዋታውን የሚመራውና ጭራቆቹን የሚያንቀሳቅሰው) ዳይሱን ሊወረውር ሲል እጁን ያዝነው። አራቱም ካሬ ቆርኪውን ይነካሉ፤ ስለዚህ ከእጁ አልወጣም፣ አይመታም። አምስተኛውን ወደ በሩ ሲረግጥ ግን ይመታል። ምቱ የሚያርፈውም ሊወጣ ሲል፣ ከመውጣቱ በፊት ነው። ከወደቀ የሚወድቀው እዚያው ኦርኩ እግር ስር እንጂ በሩ ጋ አይደለም። ይህቺ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ጓደኛ ደርሶ ማከም ይችላል አይችልም የሚለውን ግን የምትወስነው እሷ ናት።

መጠጋትም አያስመታም። የፖልአርም ማስተር ችሎታ ያለው ባለ ረጅም መሣሪያ ግን ሲጠጉትም ይመታል።

ችግር፦ ሃልበርድ (ረጅም እጀታ ያለው መጥረቢያ) ይዤ ጠላት አንድ ካሬ አፈገፈገ፤ መምታት ተከለከልኩ።

ትክክል ነው። የሃልበርድ ርቀት 10 ጫማ ስለሆነ፣ ጠላት ሁለተኛው ካሬ ላይ እያለ ገና እጃችሁ ውስጥ ነው። ከሁለተኛው ሲወጣ ትመቱታላችሁ።

ችግር፦ አንድ ጭራቅ ሦስት የሚሸሹ ሰዎችን መታ።

ሪአክሽን፣ ማለትም ተራ ሳይደርስ የሚሰጥ ፈጣን ምላሽ፣ ተረስቷል። እያንዳንዱ ምት አንድ ሪአክሽን ይበላል፤ ሪአክሽኑ የሚመለሰው የጭራቁ የራሱ ተራ ሲጀምር ነው። እኛ ጭራቁ ሲመታ ቆርኪውን እንገለብጠዋለን፣ ተራው ሲደርስ እናቃናዋለን። ይህን ከጀመርን ወዲህ በዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አልተጨቃጨቅንም።

ችግር፦ ፍንዳታ ወረወረኝ፤ እመታለሁ?

አትመቱም። የተገፋ፣ የወደቀ ወይም ቴሌፖርት ያደረገ አይመታም። ጥንቆላ አስፈራርቶ በራሱ ሪአክሽን ያስሮጠው ግን ይመታል፤ የሮጠው በእግሩ ነውና። የማያያችሁ ጠላትም አይመታችሁም። በቀስት መምታትም አይቻልም፤ ምቱ የቅርብ መሆን አለበት።

ችግር፦ ዲስኢንጌጅ አክሽኔን ጨረሰብኝ።

ዲስኢንጌጅ ማለት ሳይመቱ ከጠላት መላቀቅ ነው። ለቀሪው ተራ በሙሉ ያድናችኋል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው፦ የተራችሁን ዋና ድርጊት፣ አክሽናችሁን፣ ይበላል። ሮግ (ሌባ መሰሉ ገጸ ባሕርይ) ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በቦነስ አክሽን፣ ማለትም በተጨማሪ ድርጊት፣ ስለሚያደርገው አይጎዳም። ለሌላው የኔ ምክር ይህ ነው፦ ጠላቱ አንድ ከሆነ ጥሩር የለበሰው ቀድሞ ይውጣ። ኦርኩ እሱን ከመታ ቆርኪው ይገለበጣል፤ የቆሰለው ጓደኛችሁ ከኋላ በሰላም ያልፋል።