በእርግዝና ወቅት ዳሌና ብሽሽት ሲያም፦ እንዴት ማስታገስ ይቻላል?

በሁለተኛው እርግዝናዬ፣ ሰባተኛው ወር ላይ፣ ሌሊት ከጎን ወደ ጎን ልገላበጥ ስል ጮኼ ባለቤቴን ቀሰቀስኩት። ምጥ የመጣ መስሎት ብድግ ብሎ መብራት አበራ። ምጥ አልነበረም። ከብልቴ በላይ ያለው አጥንት ለሁለት የተሰነጠቀ ነበር የመሰለኝ። ጠዋት ሱሪ ለመልበስ አንድ እግሬን ሳነሳ ያው ሕመም ተመለሰ። ያኔ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሊፍት የለውም።

ለሰው ስናገር የማገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነበር። «እርግዝና ነው፣ ቻይው፤ ስትወልጂ ይለቅሻል።» በፍቅር እንደሚሉት አውቃለሁ። ግን ሕመሙ የተለመደ ስለሆነ ብቻ ዝም ተብሎ መቻል የለበትም። እኔን የረዳችኝ በክትትል ቀጠሮዬ ያገኘኋት አንዲት አዋላጅ ነርስ ናት። «ጉልበቶችሽን አታለያዪያቸው» አለችኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ነገር ከዚህች አንድ ምክር የወጣ ነው።

መጀመሪያ ሕመሙን ለዪ

የዳሌ አጥንት ሦስት ቦታ ላይ ይገጣጠማል። አንዱ ከፊት፣ ከብልት በላይ ነው። ሁለቱ ከኋላ፣ ከወገብ ዝቅ ብሎ ግራና ቀኝ ናቸው። የፊተኛው መገጣጠሚያ በደህናው ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት አለው። በእርግዝና ጊዜ ጅማቶች ስለሚላሉ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሊጨምር ይችላል። ሰውነት ለወሊድ እየተዘጋጀ ነው፤ ይህ በራሱ በሽታ አይደለም። ሕመሙ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ሦስቱ መገጣጠሚያዎች እኩል ሳይንቀሳቀሱ ሲቀሩ ነው። አንዱ ሲላላ ሌላው ጠብቆ ከቀረ ጫናው አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። ከ5 ነፍሰ ጡሮች 1ዷን ገደማ ይይዛል። ቀድሞ ወገቧን ያማት የነበረች፣ ወድቃ ዳሌዋን የተመታች ወይም ከባድ ሥራ የምትሠራ ሴት ላይ ይበረታል።

ምልክቱን ካየሽው አይጠፋሽም። ስትራመጂ፣ ደረጃ ስትወጪ፣ በአንድ እግር ስትቆሚ፣ አልጋ ላይ ስትገላበጪ፣ ከመኪና ስትወርጂ ያምሻል። ብሽሽትሽን፣ የጭንሽን የውስጥ ክፍል ወይም መቀመጫሽን ይይዝሻል። አንዳንዴ ከፊት ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ለአንቺ ከባድ ቢሆንም ልጁን አይጎዳውም።

ሌላም አለ። ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር ባለው ጊዜ ስታስነጥሺ፣ ስትስዪ ወይም ድንገት ስትነሺ ብሽሽት ላይ ውግት አድርጎ ወዲያው የሚለቅ ሕመም። ይህ ማህፀንን የሚደግፈው ጅማት ሲወጠር ነው። ቀስ ብሎ መነሳትና ማስነጠስ ሲመጣ ወደ ፊት ጎንበስ ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

አሁን የምጽፈውን ግን ሳታነቢ እንዳታልፊ። ደም ከታየሽ፣ ሽርት ውሃ ከፈሰሰሽ፣ ትኩሳት ካለሽ፣ ሽንትሽ የሚያቃጥል ከሆነ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽ ጊዜ ሳትፈጂ ወደ ጤና ተቋም ሂጂ። 37 ሳምንት ሳይሞላሽ ሕመሙ እየመጣ እየሄደ በየተወሰነ ደቂቃ ከተደጋገመም እንደዚያው። አንድ እግርሽ ብቻ አብጦ ካመመሽ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ብልትሽ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተሽም አስቸኳይ ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በአንድ ጎን የሚበረታ ሕመም ከማህፀን ውጭ የሆነ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል ቤት ሆነሽ አትጠብቂው።

አልጋ ላይ

ብዙዎቻችንን የሚያሰቃየን ሌሊቱ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልርዘም።

ከ28 ሳምንት በኋላ በጎን መተኛት ይመከራል። በጎን ስትተኚ ግን የላይኛው እግርሽ ወደ ታች ወርዶ ዳሌሽን ይጎትተዋል። ስለዚህ በእግሮችሽ መሀል ትራስ አድርጊ። ትራሱ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ይድረስ። ጉልበት ላይ ብቻ ከሆነ እግርሽ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ረጅም ትራስ ከሌለሽ ጋቢ ጠቅልለሽ በነጠላ እሰሪው። እኔ እንዲያውም ከትራስ ይልቅ ጋቢውን ወድጄዋለሁ፤ አይንሸራተትም። ከሆድሽ ሥርም ትንሽ የታጠፈ ጨርቅ ሸጎጥ አድርጊ።

መገላበጥ ስትፈልጊ፦

1. መጀመሪያ በደንብ ንቂ። በእንቅልፍ ልብ መዞር ነው ብዙውን ጊዜ የሚጎዳሽ።
2. ሁለቱንም ጉልበቶችሽን አጥፈሽ ግጠሚያቸው። ትራሱን በመሀላቸው ጨመቅ አድርጊው።
3. ትንፋሽሽን እያወጣሽ ትከሻሽን፣ ዳሌሽንና ጉልበትሽን አንድ ላይ አዙሪ። መጀመሪያ ትከሻ፣ ቀጥሎ ዳሌ ማለት የለም። ሁሉም እኩል ይዙር።

ይህም ካመመሽ በእጅና በጉልበትሽ ተንበርክከሽ ዙሪና በሌላው ጎንሽ ተኚ። የሚያንሸራትት የሌሊት ልብስም ይረዳል።

ለመነሳት ደግሞ በጎንሽ እንዳለሽ ወደ አልጋው ጠርዝ ተጠጊ። ጉልበቶችሽ እንደተጋጠሙ ሁለቱንም እግሮች አብረሽ አውርጂ። በዚያው ቅጽበት በእጅሽ አልጋውን ገፍተሽ ቀና በይ። ቁጭ ካልሽ በኋላ ወዲያው አትቁሚ። ትንሽ ትንፋሽ ውሰጂ።

ሌሊት ለሽንት ደጅ የምትወጪ ከሆነ ደግሞ ፖፖ መጠቀም ምንም ነውር የለውም።

ልብስ፣ ደረጃ፣ ታክሲ

ሱሪና የውስጥ ሱሪ፣ ካልሲና ጫማ ተቀምጠሽ ልበሺ። በአንድ እግር መቆም ለተጎዳ ዳሌ ከባድ ፈተና ነው። ጫማሽ ተረከዙ ዝቅ ያለና የማይንሸራተት ይሁን።

ደረጃ ስትወጪ መደገፊያውን ያዢና ደህናውን እግር አስቀድሚ። ከዚያ የሚያምሽን እግር እዚያው እርከን ላይ አምጪው። ስትወርጂ የሚያምሽ እግር ይቅደም። አንድ አንድ እርከን ብቻ። 4ኛ ፎቅ ለመድረስ እንዲህ ስወጣ ጊዜ ይፈጅብኝ ነበር፤ ግን ቤት ስደርስ አላለቅስም ነበር። ከሁሉ የጠቀመኝ ግን መውጣትና መውረዱን መቀነስ ነው። የገበያውን፣ የክሊኒኩን፣ የጎረቤቱን ጉዳይ አንድ ጊዜ ወርደሽ ጨርሺው።

መኪና ውስጥ ስትገቢ መጀመሪያ ጀርባሽን ሰጥተሽ ተቀመጪ። ከዚያ ሁለቱንም እግሮች አጋጥመሽ አዙሪ። ወንበሩ ላይ ፌስታል ካነጠፍሽ በቀላሉ ትሽከረከሪያለሽ። ስንቀሳቀስ እንዳያንሸራትተኝ ካልሽ ከተቀመጥሽ በኋላ አውጪው። ሚኒባስ ታክሲ ላይ እንዲህ ማድረግ ይከብዳል። ስለዚህ በር አጠገብ ያለውን ወንበር ጠይቂ፤ ወደ ኋላ ወንበር ተጣጥፈሽ አትግቢ። ረዳቱን «ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ቆይልኝ» በይው። አብዛኛው ሰው ይተባበርሻል።

የቤት ሥራና አቀማመጥ

ከሳፋ ጋር ቁጭ ብሎ ልብስ ማጠብ፣ በርጩማ ላይ ጉልበትን ከፍቶ ቡና ማፍላት፣ ጄሪካን በአንድ እጅ ማንጠልጠል፣ ልጅ በአንድ ዳሌ ላይ ማዘል። ይህ ሁሉ ዳሌን ወደ አንድ ጎን የሚስብ ወይም እግርን የሚከፍት ሥራ ነው። ሳፋውን ጠረጴዛ ወይም ሌላ ከፍ ያለ ነገር ላይ አድርጊው። ቡናውን ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ፣ ጉልበትሽን ገጥመሽ አፍዪ፤ ከሰሉም ከፍ ይበል። እንጀራ ስትጋግሪ በየመሀሉ አረፍ በይ። ውሃ መቅዳት የግድ ከሆነ በትንሽ ጄሪካን ተመላለሺ፤ ወይም ሁለት ትናንሽ ይዘሽ ክብደቱን በሁለት እጅ አካፍዪው። እግር አጣምሮ መቀመጥም ይቅር።

ባለቤትሽ ይህን ክፍል ቢያነበው ደስ ይለኛል። ከባዱን ሸክምና ትልቁን ልጅ ለጥቂት ወራት እሱ ይያዝልሽ። ይህ ውለታ አይደለም፤ የሕክምናው አካል ነው።

ቁጢጥ ተብሎ የሚጠቀሙበት ሽንት ቤት ለብዙዎች አስቸጋሪ ነው። መሀሉ የተቆረጠ የፕላስቲክ ወንበር ላዩ ላይ ማስቀመጥ ትልቅ እፎይታ ይሰጣል። የአይረን እንክብል ሆድ ሊያደርቅ ይችላል፤ ማማጥ ደግሞ ሕመሙን ያባብሰዋል። እንክብሉን አታቋርጪ። ውሃ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ጨምሪ፤ ካልሆነም በክትትልሽ ላይ ንገሪያቸው።

ቤተ ክርስቲያን የምትሄጂ ከሆነ ረጅሙን ቅዳሴ ቁመሽ መጨረስ አይጠበቅብሽም። ተቀመጪ። ስለ ስግደቱ የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ሙስሊም ከሆንሽ ቆሞ መስገድ ላልቻለ ሰው ተቀምጦ መስገድ ይፈቀዳል።

መቀነት

በፋርማሲ የሚሸጡ የዳሌ መደገፊያ ቀበቶዎች አሉ። ካላገኘሽ ሰፋ ያለ መቀነት ወይም በቁመቱ የታጠፈ ነጠላ ሊያገለግል ይችላል። ቁም ነገሩ የሚታሰርበት ቦታ ነው። ሆድ ላይ አይደለም። ከሆድሽ ሥር ዝቅ አድርገሽ፣ ሁለቱን የዳሌ ጎኖች አቅፎ ከብልት በላይ ባለው አጥንት ላይ እንዲያልፍ አድርጊ። ደገፍ ያድርግሽ እንጂ አያፍንሽ። ስትንቀሳቀሺና ስትሠሪ እሰሪው፤ ስትተኚ ፍቺው። ሕመሙን ካባሰብሽ ተዪው፤ ለሁሉም ሰው አይስማማም።

ቀላል እንቅስቃሴ

ጭራሽ መተኛት ጡንቻን ያደክማል። ሕመሙ እስኪነሳ መሥራትም አይሆንም። አጫጭር እርምጃ እየወሰድሽ፣ በየመሀሉ እያረፍሽ ተንቀሳቀሺ።

ወንበር ላይ ተቀምጠሽ የተጠቀለለ ጋቢ በጉልበቶችሽ መሀል አድርጊ። ለ5 ሰከንድ ቀስ ብለሽ ጨምቀሽ ልቀቂ። 5 ጊዜ ድገሚው። ከጨመረብሽ አቁሚ።

ሁለተኛው የማህፀንና የፊኛ መደገፊያ ጡንቻዎችን ማጠንከር ነው። ሽንትና ጋዝ እንደምትይዥ አድርገሽ ወደ ውስጥ ሳቢ። የቻልሽውን ያህል፣ እስከ 10 ሰከንድ፣ ያዢና ልቀቂ። እየተነፈስሽ 10 ጊዜ ድገሚው። ታክሲ እየጠበቅሽም መሥራት ትችያለሽ፤ ማንም አያይሽም።

ሕመሙ ከጠና ፊዚዮቴራፒ እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። ብዙ ትላልቅ ሆስፒታሎች ክፍሉ አላቸው። ሆድን የሚያሽ ወይም አጥንት «ቦታው ልመልስ» የሚል ሰው ጋ ግን እባክሽ አትሂጂ። በእርግዝና ጊዜ ሆድን ማሸት ለአንቺም ለልጁም አደጋ አለው።

መድኃኒት

በመጀመሪያ ሙቀት ሞክሪ። ለብ ያለ ውሃ በጠርሙስ አድርገሽ በጨርቅ ጠቅልዪና ወገብሽ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አኑሪው። ሆድሽ ላይ አታድርጊው።

ካልበቃ፣ ሐኪምሽን አማክረሽ ፓራሲታሞል መውሰድ ይቻላል። ባለ 500 ሚሊ ግራሙን 1 ወይም 2 ፍሬ፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ። ኪሎሽ ከ50 በታች ከሆነ ወይም የጉበት ችግር ካለብሽ መጠኑ ስለሚቀንስ ጠይቂ።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን በራስሽ አትውሰጂ። ይህን የምለው ወገቤን አመመኝ ስንል ቀድመው የሚሰጡን እነዚህ ስለሆኑ ነው። ከ20 ሳምንት በኋላ የልጁን ኩላሊት ሊጎዱና ሽርት ውሃውን ሊያሳንሱ ይችላሉ። ፋርማሲ ስትገቢ ሆድሽ ገና ባይታይም መጀመሪያ «ነፍሰ ጡር ነኝ» በይ።

ለወሊድ ተዘጋጂ

የዳሌ ሕመም ስላለብሽ ብቻ ኦፕራሲዮን አያስፈልግሽም። አብዛኛዋ ሴት በምጥ ትወልዳለች። ግን አዋላጆቹ አስቀድመው ይወቁ።

የወሊድ ቀንሽ ሲቃረብ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠሽ፣ ሳያምሽ ጉልበቶችሽን የቱን ያህል መክፈት እንደምትችዪ ሞክሪ። በጉልበቶችሽ መሀል ያለውን ርቀት በልብስ ሰፊ ሜትር ለኪና የክትትል ካርድሽ ላይ እንዲጻፍ አድርጊ። ምጥ ላይ ሆነሽ ይህን ሕመም ለይተሽ ላታውቂው ትችያለሽ፤ በዚያ ሰዓት እግርሽ ከልክ በላይ ቢከፈት በኋላ ይጎዳሻል። የግድ እግርሽ ከፍ ይበል ካሉ ሁለቱም እኩል፣ አብረው ይነሱ። በጎን ተኝቶ ወይም በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ መውለድ ለዳሌ ይቀላል። ይቻል እንደሆነ ቀድመሽ ጠይቂ። አብራሽ የምትገባ እናት ወይም እህት ካለች ቁጥሩን ለእሷም ንገሪያት።

ከወለድሽ በኋላ

ለአብዛኛዋ ሴት በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። አራስ ቤት ሳለሽም ጉልበት መግጠሙን ቀጥዪበት። ስታጠቢ ከጀርባሽ ትራስ አድርገሽ ተደገፊ፤ ተኝተሽ ስታጠቢ ደግሞ ያው ጋቢ በእግሮችሽ መሀል ይመለስ። ልጁን የምታጥቢበትን ሳፋ ሰው ያንሳልሽ። በ6 ሳምንቱ ቀጠሮ ላይ ሕመሙ ካልለቀቀሽ ልጁን አስከትበሽ ብቻ አትመለሺ፤ ስለ ራስሽም ተናገሪና ፊዚዮቴራፒ ጠይቂ። ሌላ ጊዜ ስታረግዢም ከመጀመሪያው የክትትል ቀን ጀምረሽ ንገሪያቸው። እኔ በሦስተኛው እንዲህ አደረግኩ፤ መቀነቱን የታጠቅኩት ሕመሙ ገና ሲጀምር ነበር።